ስለ ልደት በዓል ዜማና ስለ ሥርዓቱ ትርጓሜ

በየዓመቱ የጌታችን የልደት በዓል ሲቃረብ በገጠር ትምህርት ቤት ያሉ ሕፃናት መምህራቸውን ብዙ ነገር ይጠይቁታል። በዓሉ አንድ ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን፥ ሌላ ዓመት ታኅሣሥ 28 ቀን የሚውለው ስለ ምንድር ነው? መርጌታው ሌሊቱን ሁሉ ቆመው ሲያዜሙ የሚያድሩት ስለ ምንድር ነው? እረኛው በቈልማማ በትር ሩር ሲመታ መዋሉ ከጌታ መወለድ ጋራ ምን ያገናኘዋል? ይላሉ። መምህሩም ብዙ ጊዜ፥ ከአባቶቻችን የመጣ ልማድ ነው ብሎ ያልፈዋል። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሕፃኑን አፍ ዘጋው እንጂ ጥያቄውን አልመለሰለትም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በ2016 ዓ.ም. ለሥራ ሄጄ በአንዲት የገጠር ቀበሌ ያየሁት ነገር ነው። በዚያ ዓመት በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ዋለ፤ ካህናቱም ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው፥ ቀድሰው ሕዝቡን አሰናበቱ። ቤቴን ያከራዩኝ ሽማግሌ ግን ልደት 29 ነው ብለው በራቸውን ዘግተው ጾማቸውን ዋሉ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ከጐረቤት ዶሮ ቀምሰው ቢመለሱ፥ ጾም ፈትታችሁ ወደ ቤቴ አትግቡ ብለው ከደጃፍ መለሷቸው፤ ልጆቹም ያን ሌሊት በዘመድ ቤት አደሩ። የቀበሌው አስተማሪ ሊያስታርቅ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ምክንያቱን ቢጠየቅ፥ መንግሥትም ካላንደርም እንዲህ ይላል ከማለት በቀር የሚናገረው አልነበረውም። እኔ ቈጥሬ ባስረዳኋቸው ጊዜ ሽማግሌው፥ «ልጄ፥ ዛሬ 28 ነው ያለኝ ብዙ ነው፤ ስለ ምን እንደ ሆነ የነገረኝ ግን አንተ ብቻ ነህ» አሉኝ። ሰውዬው ግትር አልነበሩም። በየወሩ በ29 ቀን በዓለ ወልድ እያሉ ዝክር ሲያወጡ የኖሩ ሰው፥ ዋናው ልደት ከ29 ቢነቃነቅባቸው መደንገጣቸው ተገቢ ነው።

እንግዲህ ቍጥሩ እንደሚከተለው ነው። ቤተ ክርስቲያን የጌታን ፅንሰት መጋቢት 29 ቀን ታስባለች። ከፅንሰቱ እስከ ልደቱ ያለውም ጊዜ 9 ወር ከ5 ቀን ነው ብለው አባቶች ወሰኑ፤ ይኸውም 275 ቀን ይሆናል። መጋቢት 29 ብለን ተነሥተን ሚያዝያን፥ ግንቦትን፥ ሰኔን፥ ሐምሌን፥ ነሐሴን፥ ከዚያም መስከረምን፥ ጥቅምትን፥ ኅዳርን፥ ታኅሣሥን በየ30 ብንቈጥር 270 ቀን እናገኛለን፤ የጳጕሜን 5 ቀን ሲጨመርበት 275 ሆኖ ታኅሣሥ 29 ላይ ይደርሳል። ነገር ግን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፥ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፥ ጳጕሜን 6 ቀን ትሆናለች። ያን ጊዜ 275ኛው ቀን አንድ ቀን ቀድሞ ይሞላል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። በዓሉ ከቦታው የሸሸ ሳይሆን ቀን የተጨመረባት ጳጕሜን ስለ ገፋችው ነው። የግብጽ ክርስቲያኖችም በእነርሱ አቈጣጠር ይህንኑ ያደርጋሉ።

አስተማሪው ይህን በሒሳብ ክፍል ጊዜ ቢያሳያቸው ሕፃናቱ ደስ ይላቸዋል። ዓመተ ምሕረቱን ወስዶ 5500 ይደምርበትና ለ4 ያካፍለው። ቀሪው 1 ቢሆን ዘመነ ማቴዎስ ነው፤ 2 ቢሆን ማርቆስ፤ 3 ቢሆን ሉቃስ፤ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ ነው። 2016 ላይ 5500 ቢደመር 7516 ይሆናል፤ ይህም ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ ቀሪ የለውም፤ ስለዚህ ዘመነ ዮሐንስ ነበረ። ሽማግሌው ይህን በጣታቸው መሬት ላይ ጽፈው ሁለት ጊዜ መረመሩት።

የአውሮፓ ሰዎች ግን ዲሴምበር በሚሉት ወር በ25 ቀን ያከብሩታል። እነርሱም በ1582 እ.ኤ.አ. የሮማው ፓፓ ግሪጎርዮስ 13ኛ የቀኑን አቈጣጠር ካረመ ወዲህ በአዲሱ ሥርዓት ይሄዳሉ፤ የቀድሞው አቈጣጠር ከእነርሱ ዛሬ በ13 ቀን ወደ ኋላ ስለ ቀረ የእኛ ልደት በጃንዋሪ 7 ቀን ይገጥማል። የሩስያና የሰርብያ ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ቀን ያከብራሉ። ስለዚህ ከተማ ሄዶ የተመለሰ ልጅ ሁለት ልደት አለ ብሎ ቢናገር፥ ልደቱ አንድ ነው፤ ሁለት የሆነው ካላንደሩ ነው ብሎ ማስረዳት ይቻላል።

ከበዓሉ በፊት የሚጾመው ጾም ጾመ ነቢያት ይባላል፤ ነቢያት የጌታን መምጣት ተስፋ አድርገው መጾማቸውን ለማሰብ ነው። ኅዳር 15 ቀን ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 28 ቀን 44 ቀን ይጾማል። ከእነዚህም 40ው የነቢያት ነው፤ 3ቱ በግብጽ በፓትርያርክ አብርሃም ሶርያዊ ዘመን የሙቀጠም ተራራ ስለ መፍለሱ የተጾመው መታሰቢያ ነው፤ አንዱ ገሃድ ነው። በጾሙ መጨረሻ ያሉት ሦስቱ እሑዶች ስብከት፥ ብርሃን፥ ኖላዊ ተብለው ይጠራሉ፤ በእነዚህም ሳምንታት የሚዜመው ዜማ ስለ መምጣቱ የተናገሩትን ነቢያት፥ ከዚያ ብርሃንነቱን፥ ከዚያም እረኝነቱን እያነሣ ሕዝቡን ወደ በዓሉ ያቀርበዋል። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ሲያርፍ በዚህ ጾም ግን አያርፍም፤ ኅዳር 21 ቀን የጽዮን ማኅሌት በሙሉ ሥርዓቱ መቆሙን ሁሉ ሰው ያውቃል። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ አይጾምም።

ገና የሚለውን ስም ሊቃውንት ከጽርእ ቋንቋ የመጣ፥ ትርጓሜውም ልደት ማለት ነው ይላሉ።

አሁን ወደ ዜማው እንመለስ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ መሆኑን የማያውቅ የለም። በአክሱም ተወለደ፤ በ6ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን ነበረ። በሕፃንነቱ አጎቱ አባ ጌዴዎን ሊያስተምሩት ቢሞክሩ ትምህርት ስላልገባው ተገርፎ ሸሸ፤ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ ትል ፍሬ ሊበላ ዛፉን ሲወጣ፥ ደጋግሞ ሲወድቅ፥ በሰባተኛው ጊዜ ግን ሲደርስ አየና ተጽናንቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ለሰነፍ ተማሪ መንገር በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን መምህሩ የቀጣበትን በትርም አብሮ ማንሣቱን አይርሳ። ያሬድ ወደ መምህሩ የተመለሰው ትሉን አይቶ ነው እንጂ በትሩ አሸንፎት አልነበረም።

ገድሉ እንደሚለው ከኤደን ገነት የመጡ ሦስት አዕዋፍ ሰማያዊውን ዜማ አሳዩት። በዚህ ምክንያት የዜማው ስልት ሦስት ሆነ፤ እነርሱም ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ። ግዕዝ ጽኑና ደረቅ ያለ ድምፅ ነው። ዕዝል የሚባለው፥ በግዕዝ ላይ እንደ ታዘለ ሆኖ የሚዜም ነው። አራራይ ስሙ እንደሚያመለክተው ልብ የሚያራራ ነው፤ ድምፁ ወጥቶ በቀጭኑ ይንቀጠቀጣል። መምህራን ሦስቱን ስልት በሥላሴ ይመስሏቸዋል፤ ግዕዝ በአብ፥ ዕዝል በወልድ፥ አራራይ በመንፈስ ቅዱስ። ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕት የሚባሉት አምስቱ መጻሕፍት የእርሱ ናቸው፤ የልደትም ዜማ የሚገኘው በድጓው ውስጥ ነው።

በድጓው መጽሐፍ ከፊደሉ በላይ በቀይና በጥቁር ቀለም የሚታዩትን ጥቃቅን ምልክቶች ሕፃን ሁሉ አይቶ ይጠይቃል። በጥንት ጊዜ ዜማው በቃል ብቻ ይተላለፍ ነበር፤ ምልክቶቹን ያወጡት በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ስማቸውም ድፋት፥ ሒደት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ቍርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክ፥ ደረት ነው፤ ኋላም ድርስና አንብር ተጨምረው አሥር ሆኑ። እያንዳንዱ ድምፅን ያዝዛል፤ ድፋት ድምፁ ወደ ታች እንዲደፋ፥ ሒደት ቀጥ ብሎ እንዲሄድ፥ ቍርጥ ተቈርጦ እንዲቆም፥ ርክርክ እንደ ጠብታ እንዲርከፈከፍ ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ከጌታ ሕማም ጋራ ተያይዞ ይተረጐማል፤ ይዘት መያዙን፥ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፥ ርክርክ የደሙን መንጠባጠብ ያሳስባል። ስለዚህ ያው ምልክት በልደት ሌሊት ስለ ሕፃኑ ሲዜም በላዩ ላይ ይታያል፤ የልደቱ ደስታ ከሕማሙ መታሰቢያ እንዳይለይ አባቶች እንዲህ አድርገው አስተሳሰሩት።

ይህን ትምህርት ለመጨረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ተማሪው ዳቦ እየለመነ፥ ደበሎ ለብሶ፥ ድጓውን በገዛ እጁ እየጻፈ ይማራል። የድጓ ምስክር በጋይንት በቤተልሔም፥ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር በዙር አምባ፥ የአቋቋም ትምህርት በጎንደር የታወቀ ነው። እንግዲህ በአንዲት ትንሽ የገጠር ደብር የቆሙት መርጌታ በጨለማ ያለ መጽሐፍ ሲያዜሙ የምትሰማው ድምፅ የሃያ ዓመት ድካም ያለበት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳያስብ ከማኅሌቱ ዘግይቶ ለቅዳሴው ብቻ ይደርሳል። በዚህ ዘመን ደግሞ በየቦታው የድምፅ ማጉያ ስለ ተሰቀለ፥ ድምፁ ሩቅ ቢሄድም ርክርኩና ድፋቱ ተለይቶ አይሰማም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ መርጌቶች የበለጠ ያውቃሉ።

በልደት ሌሊት ካህናትና ደባትር ተሰብስበው ማኅሌቱን በነግሥ ይጀምራሉ፤ መልክእ እየተዜመ፥ ለእያንዳንዱም ከድጓ የሚስማማው ዚቅ እየተመረጠ ይቀጥላል። መጀመሪያ በመቋሚያ ብቻ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወዛወዙ ዝማሜ ይላሉ፤ ከዚያ ጸናጽል ይገባል፤ ኋላም ከበሮው ሲገባ መረግድ፥ ጽፋትና ወረብ እየተባለ ይፈጥናል። ዝግ ብሎ ጀምሮ እየሞቀ መሄዱ የሌሊቱን እንቅልፍ ያሸንፋል። ስለዚህ ማኅሌቱን ከመካከሉ የሰማ ሰው የዜማውን መንገድ አላየም፤ ከመነሻው የቆመ ብቻ ነው ከበሮው ሲገባ ልቡ የሚዘለው።

መሣሪያዎቹም ትርጓሜ አላቸው። መቋሚያ የሚቆሙበት ነው፤ ጌታ የተሸከመውን መስቀል ያመለክታል። ጸናጽል ሁለቱ ዓምዶቹ ብሉይና ሐዲስ ናቸው ይባላል፤ በመካከሉ ያሉት ዘንጎችና ቀለበቶች ሲንቀሳቀሱ የሚሰጡት ድምፅ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለ ስምምነት ነው። ከበሮ ሰፊና ጠባብ ሁለት አፍ አለው፤ ሰፊው የመለኮቱን ስፋት፥ ጠባቡ ሰው ሆኖ መወሰኑን ያሳያል። የተጠፈረበት ጠፍር የግርፋቱን ሰንበር፥ የለበሰው ጨርቅ አይሁድ ያለበሱትን ልብስ፥ ማንገቻው የታሰረበትን ገመድ፥ በሁለት ወገን መመታቱም በጥፊ መመታቱን ያሳስባል። መምህራን በዝርዝሩ ይለያያሉ፤ አንዱ ቤት እንዲህ ሲል ሌላው ቤት በሌላ መንገድ ይተረጕመዋል፤ ይህ የሚያስቀይም አይደለም።

ነገር ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ትርጓሜ ሌላ ነው፥ ታሪክ ሌላ ነው። ከበሮን በመጀመሪያ የሠራ ሰው የጌታን ግርፋት አስቦ ሠራው ማለት አይደለም፤ ጸናጽልም ከክርስትና በፊት በጥንት ግብጽ ቤተ ጣዖት ይሰማ ነበር። ንጉሥ ዳዊትም ታቦተ ጽዮንን ሲያመጣ በእነዚህ መሣሪያዎች እንደ ዘመረ በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። አባቶቻችን ያደረጉት፥ በእጃቸው የነበረውን ዕቃ ወስደው ለሚያይ ሰው ሁሉ መጽሐፍ እንዲሆን ማድረግ ነው። በዚያ ዘመን ማንበብ የማይችለው ብዙ ነበረና፥ ከበሮው ራሱ ይነበብ ነበር። ልጅ አድጎ ከተማ ቢሄድና ጸናጽል ከግብጽ የመጣ ነው ብሎ ቢሰማ፥ መምህሩ ዋሸኝ እንዳይል ሁለቱን ለይቶ ማስተማር ይሻላል።

ይህ ሁሉ በግልጥ የሚታይበት ቦታ ላሊበላ ነው። በላስታ በሮሐ ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት የታወቁ ናቸው። በዚያ አገር እንደሚተረከው ንጉሥ ላሊበላ የተወለደው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ ስለዚህ የሁለቱ ልደት በአንድነት ይከበራል፤ ከሩቅ አገር በእግራቸው ሳምንታት ተጉዘው የሚደርሱ ብዙ ናቸው። በበዓሉ ጧት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ የሚባለው ሥርዓት ይደረጋል። ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ፤ እኵሌቶቹ በግቢው ዙሪያ ባለው ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለት ጫፍ ላይ ከፍ ብለው ይቆማሉ፤ እኵሌቶቹ በታች በግቢው ውስጥ ይቆማሉ፤ የላዮቹ ሲያዜሙ የታቾቹ ይቀበላሉ። የላዮቹ በቤተልሔም የታዩት መላእክት፥ የታቾቹ እረኞቹ ናቸው። በሉቃስ ወንጌል የተጻፈው፥ መላእክትና ሰዎች በአንድ ሌሊት በአንድ ምስጋና መገናኘታቸው፥ በዚያ ግቢ ላይና ታች ሆኖ በዐይን ይታያል። ከታች የቆመ ሰው ወደ ላይ ቢያይ፥ ነጭ ለብሰው በገደሉ ጫፍ የሚወዛወዙትን በሰማዩ ላይ ብቻ ያያቸዋል።

ነገር ግን ላሊበላ መሄድ የማይችል ሕፃን ቤተልሔምን በገዛ ቀበሌው ሊያይ ይችላል። በየደብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርባት ትንሽ ቤት አለች፤ ስሟም ቤተልሔም ነው። ቤተልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ጌታ በእንጀራ ቤት ተወለደ፤ ለእኛም ሥጋው የሚሆነው ኅብስት ከቤተልሔም ይወጣል ማለታቸው ነው። ዲያቆኑ ቃጭል እያሰማ ከዚያች ቤት ወደ መቅደስ ሲሄድ ሕዝቡ የሚሰግደው ስለዚህ ነው። እኔ ራሴ በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ቤቲቱን ጭስ የሚወጣባት ጎጆ ብቻ አድርጌ ነበር የማያት፤ ስሟን እየጠራሁ ትርጓሜዋን ያወቅሁት ጺም ካበቀልሁ በኋላ ነው።

ስለ ገና ጨዋታ ደግሞ ጥቂት ልበል። ጨዋታው ቈልማማ በትር ይዞ ሩርን ወደ ተቃራኒው ወገን ማሳለፍ ነው፤ ሩሩም ከእንጨት ወይም ከጠፍር ይሠራል። እንግሊዞች ሆኪ ከሚሉት ጋራ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን የሜዳው ስፋት አልተወሰነም፤ የተጫዋቹም ቍጥር እንደ መንደሩ ብዛት ነው። እንደሚተረከው እረኞቹ የጌታን መወለድ ሰምተው በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ፤ ይህ የዚያ መታሰቢያ ነው ይባላል። በዚህ ጨዋታ ጌታ በሎሌው እንዳይቈጣ ከጥንት የተነገረ ምሳሌ አለ፤ ለአንድ ቀን የድሀው በትር ከባለጠጋው በትር ጋራ እኩል ይሆናል። አሲና ገናዬ የሚባለውንም ሕፃናት ዘፈን ብለው እንጂ ዜማ ብለው አይጥሩት፤ የሜዳው ደስታ ዘፈን፥ የማኅሌቱ ምስጋና ዜማ ነው፤ ሁለቱም በየቦታቸው መልካም ናቸው። ጨዋታው ብዙ ጊዜ ክርን የሚሰብር፥ ጥርስ የሚያወልቅ ስለ ሆነ አስተማሪው ሕፃናቱን ከጎልማሶቹ ለይቶ በሌላ ሜዳ ማጫወት አለበት።

ስለ ገና ዛፍም የሚጠይቅ አይጠፋም። በከተማ የሚታየው ጥድ በመብራት ማስጌጥ ከጀርመን አገር ተነሥቶ በዓለም የተበተነ ልማድ ነው፤ የእኛ ቄጤማ መጐዝጐዝ፥ ድፎ መጋገርና ጧፍ ማብራት ግን የቆየ ነው። ቤቱን ጥድ ያስጌጠ ሁሉ ጠፋ አይባልም፤ ግን ሕፃኑ የትኛው ከየት እንደ መጣ ቢያውቅ ይጠቀማል።

ያ የ2016ቱ ሽማግሌ ልጆቻቸውን በማግሥቱ አስጠርተው ዳቦ ቈርሰው ሰጧቸው፤ ለራሳቸው ግን ያን ቀን 29 ስለ ሆነ ጾማቸውን በዚያው ፈቱ። የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ 2020 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጾመ ነቢያት ኅዳር 14 ቀን ይገባል፤ ልደትም ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። አስተማሪዎችና የአገር ሽማግሌዎች ይህን ጾሙ ሳይገባ፥ በኅዳር መጀመሪያ፥ በሰንበቴና በማኅበር ላይ ቢናገሩት ጊዜው ይደርሳል።